ሀገር ስጡኝ

ሰኞ፣ የካቲት 4

ሻይ። የትናንት ዳቦ። ደወል። 9ኛ ለ ገባሁ፣ ሰሌዳው ላይ ሴል ሳልኩ፣ ክፍሎቹን ሰየምኩ፣ አጠፋሁ። 10ኛ ሀ ገባሁ፣ ሌላ ነገር ሳልኩ፣ አጠፋሁ። ሁለተኛው ምን እንደነበር አሁን ብትጠይቂኝ አላውቅም። እጄ ያውቃል መሰለኝ።

አንቺን ምን ብዬ ልጥራሽ? ሽፋንሽ ላይ «የዕለት ትምህርት ዕቅድ» ተብሎ ታትሟል። ከት/ቤቱ ንብረት ክፍል የተረፍሽ ደብተር ነሽ። ገጽሽ ሁሉ ሣጥን በሣጥን። «የመምህሩ ተግባር»፣ «የተማሪው ተግባር»፣ «ግምገማ»። ሣጥኖቹን ረግጬ እጽፍብሻለሁ፣ ቻይው። ዕቅድ የሚባል ነገር ግን ከእኔ አትጠብቂ።

ከሰዓት። ር.መ. አቶ ይበልጣል ቢሮ አስጠሩኝ። ሁለት ነገር ነገሩኝ። አንደኛ፣ የጠየቅሁት ዝውውር ጸድቋል። ደ/ማርቆስ፣ ከእናቴ ቤት በእግር የሚደረስ ት/ቤት። መልቀቂያው ጠረጴዛቸው ላይ ነው። እስከ ወሩ መጨረሻ ከፈረምኩ እሄዳለሁ፣ ካልፈረምኩ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሁለተኛ፣ ሐሙስ የካቲት 21 ጠዋት ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። ት/ቤታችን ዘንድሮ «ምርጥ ተሞክሮ» ብሎ ያስመዘገበው የስልኩን ጨዋታ ነው። የጥ. ጨዋታ። እሱን ጨርሰሽ አሳዪልንና በሰላም ትሄጃለሽ አሉ።

እሺ አልኩ። ለሁለቱም እሺ። ደስ አላለሽም እንዴ ብለው ፊቴን አዩ። ብሎኛል አልኩ።

ማክሰኞ፣ የካቲት 5። ከሰዓት

ጥ. ማን እንደሆነች አልነገርኩሽም። የጂኦግራፊ መምህርት ነበረች። በአንድ ዓመት ተመድበን እዚህ ቁይ መጣን፣ እትዬ የዝና ግቢ አንድ ክፍል ቤት ተከራየን። ሁለት አልጋ፣ አንድ ድስት። ዘንድሮ ኅዳር ላይ ቤተሰቦቿን ልትጠይቅ ጉንደ ወይን ሄደች፤ ሰኞ ሽሮ ይዤ እመጣለሁ ብላ። እዚያው ታመመች። ሰኞ ሳትመጣ ቀረች፣ በቀጣዩ ሰኞ ቀብሯ ላይ ቆሜ ነበር።

ሙሉ ስሟን ልጽፍልሽ ሞክሬያለሁ። ብዕሩ መጀመሪያው ፊደል ላይ ቀጥ ይላል። ነጥብ አድርጌ አልፋለሁ።

ይኸው። ጽፌው ምንም አልሆንኩም። ጓደኞቼ ጠንካራ ነሽ ይሉኛል። ጥንካሬ አይደለም። ጥርስ ሐኪም ጋ ተወግተሽ ስትወጪ ከንፈርሽ የሌላ ሰው እንደሚመስልሽ ነው፣ ብነክሰውም አይሰማኝም።

ረቡዕ፣ የካቲት 6

ስልኬን ከፈትኩ። ጨዋታው አለ። በሁለታችንም ስልክ ላይ ጭናው ነበር።

ስልክ ስለማታውቂ ላስረዳሽ። ተማሪዎች በቡድን አንድ ስልክ ይይዛሉ። ስልኩ እንቆቅልሽ ያወጣል። የእንቆቅልሹ መልስ ግቢው ውስጥ ያለ አንድ ቦታ ነው። ሮጠው ሲደርሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ ያለበት ወረቀት ያገኛሉ፤ ስልኩ ወረቀቱን ያነብና የትምህርት ጥያቄ ይጠይቃል። ከመለሱ ስልኩ ጥሩምባ ይነፋል፣ ቀጣዩ እንቆቅልሽ ይከፈታል። ኢንተርኔት አይፈልግም። ቢፈልግ ኖሮማ እዚህ ቁይ ገና ድሮ ድምጥማጡ ይጠፋ ነበር።

ጥ. ነች ያመጣችው፣ አምና ደ/ማርቆስ ከነበረ ስልጠና። ሌላው የምስክር ወረቀት ይዞ ተመለሰ፣ እሷ ጨዋታ ይዛ መጣች። የእንግሊዝኛውን ፍንጭ ሁሉ ጥላ በእኛው እንቆቅልሽ ጻፈችው። ደወሉ፤ «ስመታ እጮሃለሁ፣ ስጮህ ሁሉም ይሮጣል።» የላቦራቶሪው አጽም፤ «ሥጋ አልበላሁም፣ ሥጋም የለኝም፣ ቆሜ አድራለሁ።» መመለስ ያቃተው የሚጫነው ቁልፍ ነበር፤ እሱንም ስሙን ቀየረችው። «ሀገር ስጥ» አለችው። ልጅ ሆነን እንደምናደርገው፣ ያቃተው ቡድን ለመምህሩ ሀገር ይሰጣል፣ መምህሩ ሀገሩን ሲቀበል መልሱን ይነግራል።

የቀረው የእኔ የባዮሎጂ ጥያቄዎች ነበሩ። ዛሬ ሞላኋቸው። ቀላል ሥራ። ለምን እስካሁን እንዳልሠራሁት አላውቅም፤ አውቃለሁ፣ ግን ተይው።

የመጨረሻው እንቆቅልሽ የእሷ ነው። «አምና ከጉልበትሽ በታች ነበርኩ፣ ዘንድሮ ትከሻሽን አልፌያለሁ፣ አንድም ቀን ከቦታዬ አልተነሳሁም።» ከላቦራቶሪው ጀርባ ያለው ግራቪሊያ ዛፍ ነው። ጥያቄው ደግሞ «የተከለኝ ማን ነው?» ይላል። መልሱ ራሷ ናት። ክረምት ነበር፣ ት/ቤት ዝግ፣ ግቢው ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም የለም። እሷ ቆፈረች፣ እኔ ዣንጥላ ያዝኩ። ይሄ ከየትኛው ምዕራፍ ነው ስላት ከእኔ ምዕራፍ ነው አለችኝ። ማንም ልጅ ሊመልሰው አይችልም። ልቀይረው ጣቴን አስጠጋሁ። ተውኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 14

ሙከራ፣ ከ9ኛ ለ ጋር። ገና ከበሩ ተበላሸ።

ጥበቃው አያ ስማቸው ዕድሜያቸውን ከተማሪ ኪስ ስልክ ሲለቅሙ የኖሩ ሰው ናቸው። ካልሲ ውስጥ የተደበቀ ስልክ በአረማመድ ያውቃሉ። ዛሬ በየቡድኑ አንድ ስልክ ይዛችሁ ኑ መባሉን ለእሳቸው የነገራቸው የለም። ደወል ሲደወል የቡድኖቹ ስልክ በሙሉ አያ ስማቸው ጋቢ ውስጥ ነበር። ሄጄ ባስረዳ አልሰማ አሉ። እኔ የታዘዝሁትን ነው መምህርት፣ ትላንት ወንጀል የነበረ ዛሬ ትምህርት ሊሆን ነው? አሉኝ። ር.መ. ራሳቸው መጥተው አስመለሱ። ልጆቹ ሆዳቸውን ይዘው ይስቃሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን እኔም እስቅ ነበር።

ቡድኖቹ ያው የአንድ ለአምስት አደረጃጀቱ ናቸው። የአንዱ መሪ የኔነሽ ናት። ከገጠር መጥታ ከሁለት ልጆች ጋር ቤት ተከራይታ የምትማር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ስንቅ ልታመጣ በእግሯ የምትሄድ። ስልኩ የአጎቷ ነው፣ ባጃጅ ነጂ ነው፣ መስተዋቱ የሸረሪት ድር መስሏል። አፏ አያርፍም።

ሮጡ። አቧራ። ጩኸት። ክፍል ውስጥ ተኝተው የሚውሉት የኋላ ወንበር ልጆች አጥር ለአጥር ሲሮጡ አየሁ። የአጽሙን የጭን አጥንት ለመሰየም ሦስት ቡድን ተጋፋ። ይሄን እያየሁ ደስ ይለኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቆሜ ጠበቅሁ። አልመጣም።

የኔነሽ ቡድን ዝናብ መለኪያው ላይ ተያዘ፣ ሀገር ስጥን ተጫኑ። ወደኔ መጥተው በአንድ ድምፅ ጉንደ ወይንን ሰጥተንዎታል አሉ። ክፋት የለበትም። ቅርብ ያለ ከተማ ነው። ጥ. የተቀበረችበትም። ተቀብያለሁ አልኩ፣ መልሱን ነገርኳቸው። ሌላው ቡድን አንድ የማይታወቅ በረሃ ሰጠኝ፣ ተቀበልኩ። ሦስተኛው የአያ ስማቸውን የጥበቃ ቤት ሰጠኝ፣ እሱንም ተቀበልኩ።

የኔነሽ አላስቻላትም። «ኧረ ቲቸር፣ የሰጡዎትን ሁሉ ዝም ብለው ይቀበላሉ እንዴ? እምቢ ይባላል እኮ! ደህና ሀገር እስኪሰጥዎ ድረስ እምቢ ይባላል!»

ይባላል አልኩ። ደወል ተደወለ።

እሑድ፣ የካቲት 17

ከቤተ ክርስቲያን መልስ እናቴ ደወለች። ክፍሉን ኖራ አስቀብታለች፣ መጋረጃም ቀይራለች። መቼ ነው የምትመጭው ፋንትዬ አለች። ወሩ ሳያልቅ አልኩ። ብቻሽን እዚያ ምን ያስቀምጥሻል አለች። ምንም አልኩ። እውነቴን ነው፣ ምንም አያስቀምጠኝም። ምንም ደግሞ አያስነሳኝም። ደ/ማርቆስም ሄጄ ያንኑ ሴል ስዬ ያንኑ አጠፋለሁ።

ባዶውን አልጋ አየሁት። ፍራሹንና ሣጥኑን ወንድሞቿ መጥተው ወሰዱ። አልጋው የእትዬ የዝና ስለሆነ ቀረ። ጣውላዎቹ ይታያሉ። ልብስ እንኳን አላስቀምጥበትም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እስካሁን ያልነገርኩሽን። ልቅሶው ላይ ድንኳን ውስጥ ሴቶቹ መሐል ተቀመጥኩ። እህቶቿ ደረታቸውን ይመታሉ። አንዲት ሴትዮ ወደኔ ዞር ብለው ምኗ ነሽ ልጄ አሉኝ። መልስ ፈለግሁ። አጣሁ። የሥራ ባልደረባ ነኝ አልኩ። ሴትዮዋ አሃ ብለው ተነሥተው ለቅርብ ዘመድ ቦታ እንድለቅ አደረጉኝ። ለቀቅሁ። ወደ ኋላ፣ ከድንኳኑ ምሰሶ አጠገብ። ጥቁር አልለበስኩም፣ ምኗ ነኝ ብዬ ልልበስ? ማልቀስም ከዚያው ቀረ። የማልቀስ ተራው የእኔ አልነበረም።

የሥራ ባልደረባ። ከአንድ ድስት ስበላ ኖሬ።

ተናደድኩ። በማን እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ወጥ ሞቀ፣ በላሁ፣ ጣዕም የለውም።

ረቡዕ፣ የካቲት 20

ነገ ነው። ወረቀቶቹን እንደገና ለጠፍኩ፣ ነፋስ ወስዷቸው ነበር። ር.መ. ባነር አሠርተዋል። ልጆቹ እንግዶቹ ሳይደርሱ ጀምረው እንዳይጨርሱት ጨዋታውን ቆለፍኩት። ሦስት ሰዓት ላይ በራሱ እንዲከፈት። ስልኬ ላይ ሞከርኩት፣ ደህና ነው። የየቡድኑን ስልክ ተቀብዬ አዲሱን ጨዋታ በብሉቱዝ አስተላለፍኩ።

ር.መ. መልቀቂያውን ለአርብ ጠዋት አዘጋጅቼልሻለሁ አሉ። ከነገ በኋላ ፊርማሽ ብቻ ነው የሚቀረው። በደስታ አልሸኛችሁኝም እንዳትይ፣ ምሳ እናደርጋለን አሉ። ጥሩ ሰው ናቸው።

9ኛ ለ ውስጥ ግን አንድ ነገር አለ። ስገባ ወሬ ያቋርጣሉ። የኔነሽ ዓይኔን አታይም። ዝውውሬን ሰምተዋል፤ ቁይ ውስጥ ምን ይደበቃል? ማንም ግን አልጠየቀኝም። ቢጠይቁኝ ምን እንደምላቸው አላውቅም ነበር።

ሐሙስ፣ የካቲት 21። እኩለ ቀን

አልተከፈተም።

እንግዶቹ በሰዓታቸው ደረሱ። ባነሩ ተሰቀለ፣ ልጆቹ ተሰለፉ፣ ር.መ. ንግግር አደረጉ። ሦስት ሰዓት ሲሆን የእኔ ስልክ ጥሩምባውን ነፋ። የእኔ ብቻ። የቡድኖቹ ስልክ ሁሉ «ገና ነው» የሚል ቁልፍ ያሳያል። ነካኩት፣ አጠፉት፣ አበሩት። የኮምፒውተር መምህሩ መጣ፣ እሱም አጠፋው፣ አበራው። ፀሐይ። አንድ ልጅ አዛጋ። ከእንግዶቹ አንዷ በትሕትና፣ እስቲ ልጆቹ ስለ ጨዋታው በቃል ይንገሩን አለች። ማንም አልተናገረም፤ የኔነሽ እንኳን። እንግዶቹ ቢሮ ገብተው ለስላሳ ጠጡ፣ ባነሩ ሥር ፎቶ ተነሡ፣ የሚቀጥለው ት/ቤት ይጠብቀናል ብለው ሄዱ።

ር.መ. ባነሩን ራሳቸው አወረዱ። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ወደኔ መጥተው ቀስ ብለው፣ ፋንታዬ፣ ምን አደረግሁሽ? አሉኝ። ሆን ብዬ ያደረግሁት መስሏቸዋል። ከመሄዴ በፊት ላዋርዳቸው።

አይደለም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ልጆቹ ተበተኑ። ቤት መጣሁ። ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ። ይሄንንም ተኝቼ ነው የምጽፍልሽ። ሰው ሲዋረድ ያመዋል ይባላል። ጣራውን አያለሁ። ቆርቆሮው ላይ ያሉት የምስማር ቀዳዳዎች ብርሃን ያስገባሉ።

ነገ እፈርማለሁ።

ያው ቀን። ሊመሽ ሲል

ደብተሬ፣ በጥድፊያ ነው የምጽፈው፣ ፊደሌን ታገሽኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መንደሩ ጥሩምባ ነፋ። አንዱ ከጎረቤት አጥር ግቢ፣ አንዱ ከመንገዱ ማዶ፣ አንዱ ከወፍጮ ቤቱ በኩል። ምን እንደሆነ ገና ሳስብ በሩ ተደበደበ። የኔነሽ ናት፣ ነጠላ ጫማ፣ እጇ ላይ ሊጥ። «ቲቸር ተከፈተ! ኧረ ይነሱ፣ ተከፈተ!»

ያኔ ገባኝ። የእኔ ስልክ ሰዓቱ በሐበሻ ነው፣ ከገዛሁት ጀምሮ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን 3:00 PM ይላል። የልጆቹ ስልኮች በፈረንጅ ናቸው፣ ባለቤቶቹ በልባቸው እያሰሉ ነው የሚያነቡት። ጨዋታው የሚያምነው የያዘውን ስልክ ሰዓት ብቻ ነው። እኔ በ3:00 PM ክፈት ብዬ ዘጋሁት፤ እነሱ ዘንድ 3:00 PM የሚሞላው ከቀኑ ዘጠኝ ላይ ነው። ይኸው ነው ጉዱ። ጥ. ብትኖር ሣቋ እስከ ገበያው ይሰማ ነበር።

ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አልጠየቅሁም፣ ልጅቷ ክንዴን ይዛለች። ት/ቤቱ በር ላይ ሌሎቹ እየደረሱ ነው። በቤት ልብስ፣ አንዷ ታናሽ እህቷን አዝላ፣ አንዱ የተላከበትን ዘይት በእጁ እንዳንጠለጠለ። ሁሉም አልመጡም፤ ግማሽ ያህሉ ቢሆኑ ነው። ማንም አልጠራቸውም፣ እንግዳ የለም፣ ባነር የለም። አያ ስማቸው በሩን ወለል አድርገው ከፍተው፣ ግቡ እንግዲህ፣ ዛሬ ኪስም አልፈትሽ አሉ።

ተጫወቱት። ከደወሉ ወደ አጽሙ፣ ከአጽሙ ወደ ዝናብ መለኪያው። ከዘይቱ ጋር ሮጠ ያ ልጅ። ሁሉም ተራ በተራ ግራቪሊያው ሥር ደረሱና እዚያ ቆሙ። የተከለኝ ማን ነው?

አያ ስማቸው ብለው ሞከሩ፣ ስህተት። ር.መ.፣ ስህተት። ግብርና ቢሮ፣ ስህተት። አንዱ እግዚአብሔር ብሎ ጻፈ፤ ስልኩ እሱንም ስህተት ነው አለ፣ ልጁ ደንግጦ አማተበ። በመጨረሻ ስልኮቹን ሰብስበው ዞር ብለው ተማከሩ። ረጅም ምክር። ሀገር ስጥን ተጫኑ። ወደኔ መጡ፣ ሁሉም በአንድነት፣ በቡድን አይደለም። እንደ ሌላው ቀን አይሣሣቁም።

የኔነሽ ናት የተናገረችው፣ መሬት መሬት እያየች። «ደብረ ማርቆስን ሰጥተንዎታል ቲቸር። ደህና ሀገር ነው። እናትዎም አሉ።»

ገባሽ ደብተሬ? እየሸኙኝ ነበር። በጨዋታ አስመስለው። ያላቸውን ደህና ሀገር አንሥተው ሰጡኝ። ተቀብያለሁ ልል አፌን ከፈትኩ፣ ሁልጊዜ እንደምለው። አንዲት ቃል ናት። አልወጣ አለችኝ። ከንፈሬ ሲያመኝ ተሰማኝ፣ ነክሼው ነበር።

አልቀበልም አልኩ። ሌላ ሀገር ስጡኝ።

ከዚያ ፈነዱ። ባሕር ዳር! እምቢ። አዲስ አበባ! እምቢ። ለንደን! እምቢ አልኩ፣ ብርድ ነው። የሚያውቁትን ሀገር ሁሉ ጠሩ፣ እኔም የተጠራውን ሁሉ መለስኩ። ሀገር አለቀባቸው። የኔነሽ ቀና ብላ አየችኝ። ድምፅዋ አንሶ፣ «ቁይንስ?» አለች።

ቁይን ተቀብያለሁ አልኩ።

ሀገር የተቀበለ መልሱን መናገር አለበት። ሕጉ ነው። ሁሉም ይጠብቃሉ። ዛፉን በእጄ ያዝኩት። ጥሩዓለም ናት አልኩ። ቲቸር ጥሩዓለም ናት የተከለችው፣ እኔ ዣንጥላ ይዤላታለሁ።

ያውቋታል። ከመስከረም እስከ ኅዳር እኮ አስተምራቸዋለች። ስሟን ፊቴ እንዳያነሱ ተማክረው ኖሯል፤ የኔነሽ ኋላ ነገረችኝ። እኔ ስሟን መጥራት ስላቃተኝ፣ እነሱም ለእኔ ብለው፣ ሁላችንም አፋችንን ዘግተን ከረምን። ዘይት የያዘው ልጅ ዕቃውን አስቀመጠና በአንድ ጣቱ፣ ፊደል በፊደል፣ ጥሩዓለም ብሎ ጻፈ። ስልኩ ጥሩምባ ነፋ። ልጆቹ አለቀሱ። እኔም። ተራ አልጠበቅሁም።

ስመለስ እትዬ የዝና ዓይኔን አይታ ምን ሆንሽ ልጄ አለች። ራበኝ አልኳት። እውነት ራበኝ። ከምስር ወጧ ሁለቴ አስጨመርኩ፣ ጨው በዝቶበታል።

አርብ፣ የካቲት 22

ጠዋት ር.መ. ቢሮ። መልቀቂያው ተዘርግቷል፣ እስክሪብቶ ላዩ ላይ። መጀመሪያ ስለ ትናንቱ ሰዓት አስረዳሁ። ሲገባቸው እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ፣ ትከሻቸው በሣቅ ተንቀጠቀጠ። እኔ ደግሞ አጥፍቼባት ይሆን እያልሁ እንቅልፍ አልወሰደኝም አሉ። ልጆቹ ከሰዓት ተመልሰው እንደተጫወቱ ነገርኳቸው። ቶሎ ቀና ብለው፣ ፎቶ አለ? ለሪፖርቱ አሉ። የለም አልኩ። ኤጭ አሉ።

ከዚያ እንደማልፈርም ነገርኳቸው። እርግጠኛ ነሽ? አሉኝ። አይደለሁም አልኩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጸጸት እችላለሁ። ግን አልፈርምም። ትንሽ አዩኝና ወረቀቱን ከተማሪ የተቀሙ ስልኮች የሞሉበት መሳቢያ ውስጥ ከተው ዘጉት።

9ኛ ለ ገባሁ። ሴል ሳልኩ። ሳላጠፋው ወጣሁ።

እሑድ፣ የካቲት 24። ከሰዓት

ነገ ጾም ይገባል። ቅበላ ነውና መንደሩ ሁሉ ሥጋ ሥጋ ይሸታል። ለእናቴ ደወልኩ። ይሄን ጥሪ ከትናንት ጀምሮ ስሸሸው ነበር።

አልመጣም አልኳት። መጋረጃውን አሰበች መሰለኝ። ለምን አለች። እንዴት አድርጌ እንደማስረዳት ስላላወቅሁ የሆነውን እንዳለ ነገርኳት፤ እንቆቅልሹን፣ ዛፉን፣ ልጆቹ ደብረ ማርቆስን ሲሰጡኝ እምቢ ማለቴን። ቁይን ሰጡኝ አልኳት። ከዚያ፣ «ምነው፣ ከሰጡሽ አይቀር ዓባይን አሻግረው አይሰጡሽም ነበር?» ብላ ሣቀች። እየሣቀች እንደምታለቅስም ሰማሁ። እሷም ከፍቷታል፣ አልደብቅሽም፣ ክፍሉን ለእኔ ብላ ነው ያስቀባችው። በሚመጣው መኪና ለጾሙ ሽሮ እልክልሻለሁ አለችና ዘጋች።

አልጋው ዛሬም ባዶ ነው። ጣውላው ይታያል። ልብሴን አጥፌ ልደርድርበት ብዬ ተነሣሁ፣ አልቻልኩም፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እሱ ሌላ ቀን ይሁን።

አንድ ነገር ግን ቆርጫለሁ፣ ሣጥንሽ ውስጥ አስገብቼ እጽፈዋለሁ፣ «የመምህሩ ተግባር» ከሚለው ሥር። ከፋሲካ በኋላ ጉንደ ወይን እሄዳለሁ። የጥሩዓለምን እናት እጠይቃለሁ። የኔነሽም አብሬ ካልሄድሁ ብላለች፣ ግራቪሊያው ሥር ከወደቀው ቅጠልም ትንሽ ይዘን እንሂድ ብላለች። እዚያ ግቢ ብዙ ሴቶች ይኖራሉ። በዚህ ጊዜ ምኗ ነሽ የሚለኝ ካለ፣ ሀገር አልሰጠውም።